ለፍልሰታ የሚሆን፣ ስኳር የማይገባበት የፍራፍሬ ጣፋጭ ምን ልሥራ?

የደሴዋ እናት
ሐምሌ 23፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁም። ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? ደሴ ዝናቡም ጉሙም አልለቅ ብሎናል።

ጥያቄዬ ስለ ጣፋጭ ነው። እናቴ ፍልሰታን ከእኔ ጋር ልትጾም ከኩታበር ትመጣለች። ስኳር አለባት፤ ከተነገራት ሦስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ጣፋጭ ነገር በቀረበ ቁጥር "እኔ ቡናዬ ይበቃኛል" ትልና ፊቷን ወደ ረከቦቱ ታዞራለች። ቡናዋም ያለ ስኳር ነው። ልጆቼ ሲበሉ እሷ ዞር ብላ ስትቀመጥ አንጀቴን ትበላኛለች።

ዘንድሮ ለእሷ ብቻ ለይቼ መሥራት አልፈልግም። "የበሽተኛ ምግብ" ሲባል ደስ አይላትም። ሁላችንም ከአንድ ሳህን የምንበላው ነገር ነው የምፈልገው። የጾም መሆን አለበት፤ ወተትም ቅቤም እንቁላልም የለም። ስኳር አይገባም። ኦቨን የለኝም፤ ብረት ምጣድ፣ ሙቀጫና ፍሪጅ አለኝ። ፍራፍሬው አሁን ገበያ ላይ ያለ ይሁን። ደግሞ ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ ማታ ማታ ቡና አብረን ነው የምንጠጣው፤ እሷም ያለ ሐሳብ የምትበላው ቢሆን ደስ ይለኛል።

እስኪ የሞከራችሁት ካለ አካፍሉኝ።

ሐይቅ ዳር
ሐምሌ 23፣ ማታ 3፡15

እህትዓለም፣ አቮካዶ ይዘሽ ምን ያሳስብሻል? ከሐይቅ ደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ አቮካዶው በየቀኑ ይገባል።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። አንድ የበሰለ አቮካዶ በሹካ ልም እስኪል እፈጨዋለሁ። ግማሽ ሎሚ እጨምቅበታለሁ። አንድ ሙዝ፣ ያውም ልጣጩ ነጠብጣብ ያወጣውን፣ ጨምሬ አብሬ እመታዋለሁ። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ይቆያል። ጣዕሙ ክሬም ነው የሚመስለው። ስኳር የሚባል አልነካውም።

ፍሪዘር ካለሽ ደግሞ ሙዙን ቆራርጠሽ አሳድሪውና ጠዋት በብሌንደር ምቺው። አይስክሬም ነው የሚሆነው። መብራት ከጠፋ ግን ወዲያው ይሟሟልና እንግዳ ሲመጣ አትተማመኚበት።

ፒያሳ ጁስ ቤት
ሐምሌ 24፣ ጠዋት 4፡05

ስድስት ዓመት ጁስ ቤት ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

ሰው "ጁስ ጤና ነው" ብሎ ይጠጣል። እውነቱ ግን አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጁስ ለመሥራት ሦስት አራት ብርቱካን ይጨመቃል። አራት ብርቱካን ቁጭ ብለሽ ብትበዪ ሁለተኛው ላይ ትጠግቢያለሽ። በብርጭቆ ሲሆን በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል። ከዚያ ላይ ስኳር ይጨመራል፤ አቮካዶ ላይ ደግሞ ቪምቶ ይፈሳል። ቪምቶው ለመልኩ ያምራል፤ ነገር ግን ስኳር ነው።

ለእናትሽ ፍሩት ፓንች ሥሪ። እኛ ጋ ፍሩት ፓንች የምንለው የተቆራረጠ ፍራፍሬ በጁስ ተደርጎ የሚቀርበውን ነው። አንቺ ጁሱንም ቪምቶውንም ተዪው። ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ሙዝ ተመሳሳይ መጠን አድርገሽ ቁረጪ፤ ሎሚ ጭመቂበት፤ ዝንጅብል ከመላጥሽ በኋላ በጣም ትንሽ ፈቅፍቂበት። ሎሚው የፍራፍሬውን ጣፋጭነት ከፍ ያደርገዋል። በማንኪያ እንጂ በስትሮ እንዳይበላ አድርጊ፤ ማላመጥ ያጠግባል።

ከሸገር ወሎየው
ሐምሌ 24፣ ቀን 7፡30

አምባሰል እያለ ስለ ስኳር ምን ያስጨንቃል? የአምባሰል ማር አንድ ሁለት ማንኪያ ጣል አድርጊበት። ማር ተፈጥሮ ነው፤ ስኳር በሽታም አይጎዳውም ይባላል። አያቴ ማር በልታ ነው ዘጠና ዓመት የኖረችው። ጾምም አይፈታም።

ነርስ ነኝ
ሐምሌ 24፣ ማታ 1፡50

ወንድሜ፣ ስለ አምባሰል ማር ጣዕም ከአንተ ጋር ነኝ። "ስኳር በሽታ ያለበትን አይጎዳም" የሚለው ግን ብዙ ሰው ክሊኒክ ያመጣ አባባል ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

የማር አብዛኛው ክፍል ስኳር ነው፤ ግሉኮስና ፍሩክቶስ። ደም ውስጥ ሲገባ ስኳርን ከፍ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ማርንም የተጨመቀ ጁስንም ከተራው ስኳር ጋር በአንድ ጎራ ነው ያስቀመጣቸው። ለአዋቂ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች ይሁን ይላል። 5 በመቶው ወደ 25 ግራም ነው፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ። ሙሉ ፍራፍሬ ግን እዚያ ውስጥ አይቆጠርም። ስኳሩ ከአሰሩ (ከፋይበሩ) ጋር ስለሆነ ቀስ እያለ ነው የሚገባው።

ለእናትሽ እንድትመርጪ እንዲረዳሽ፣ በ100 ግራም የሚገኘው ስኳር እንዲህ ይጠጋል፦ ማንጎ ወደ 14 ግራም፣ ሙዝ 12፣ ዘይቱን (ጓቫ) 9፣ ፓፓያ 8፣ አቮካዶ ከ1 በታች። ስለዚህ አቮካዶው መሠረት ይሁን፤ ማንጎና ሙዙ ለጣዕም ያህል ይግቡ። ለእሷ አንድ ትንሽ ሲኒ ይበቃል፤ ምግብ በልታ ስትጨርስ እንጂ በባዶ ሆድ አይሁን።

አንድ ነገር ግን ከጣፋጩ ይበልጣል። እናትሽ መድኃኒት ትወስዳለች? እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ከሆነ ሐኪሟን ሳታማክር እንዳትጀምር። መድኃኒት ወስዶ ሳይበሉ መዋል ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል። ካላባት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ግራ ከተጋባች ያኔ ጾም የለም። ያን ሰዓት ወዲያውኑ የምትፈልገው ራሱን ስኳሩን ነው።

ከሸገር ወሎየው
ሐምሌ 24፣ ማታ 2፡20

እሺ እህቴ፣ አመሰግናለሁ። አባቴም ስኳር አለበት፤ በየወሩ ማር የምልክለት እኔ ነኝ። ዛሬ እደውልለታለሁ።

የደሴዋ እናት
ሐምሌ 24፣ ማታ 3፡00

ነርሷ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትወስዳለች፤ ጠዋትና ማታ። ነገውኑ ሐኪሟ ጋ እወስዳታለሁ።

ራያ ቆቦ
ሐምሌ 25፣ ጠዋት 2፡30

ይኼን ሁሉ ስታወሩ በለስን አንድ ሰው አላነሳም! አሁን እኮ ወቅቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ በለስ ነው የሚበላው። ማንጎው እየወጣ ነው፤ በለሱ እየገባ ነው። በክረምት ፍራፍሬ ጣፋጭ ይሠራ ከተባለ ከእሱ በላይ ምን አለ?

አንዳንዱ በለስ ሲባል የመጽሐፍ ቅዱሱን ያስባል፤ ያ ሌላ ዛፍ ነው። እኔ የምለው እሾሃሙን፣ ቁልቋል የሚመስለውን ነው። የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ አሁን ግን ሜዳውም ተራራውም ለምዶታል። እኛ አካባቢ ቀይ ቀለም የሚወጣው ኮቺኒያል የሚባል ነፍሳት ክፉኛ ጎድቶታል። ስለዚህ ዘንድሮ ያገኘ ሰው ይብላ፤ እንደ ድሮው በየአጥሩ የለም።

የደሴዋ እናት
ሐምሌ 25፣ ቀን 6፡10

እውነትህን ነው፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር መንገድ ዳር ሴቶቹ በሳፋ ይዘው ሲሸጡ ትናንት አይቻለሁ። እየላጡ በፍሬ ነው የሚሸጡት። እኔ የምፈራው እሾሁን ነው። አምና ልጄ በእጁ ነክቶት ሁለት ቀን ጣቱን ሲያሻሽ ከረመ። ፍሬው ውስጥ ያለው ዘርስ? ለጣፋጭ እንዴት ይሆናል?

ራያ ቆቦ
ሐምሌ 25፣ ማታ 1፡25

እኔ በለስ ስልጥ ነው ያደግሁት፤ በደንብ ልንገርሽ።

ትልቁ እሾህ አያስፈራም፤ ይታያል። የሚያስቸግረው ፀጉር የሚመስለው ደቃቁ ነው። እሱ ሲደርቅ በነፋስ ይበናል፤ ዓይን ውስጥም ይገባል። ለዚህ ነው በለስ በማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ የሚለቀመው። የተለቀመውን መሬት ላይ ዘርግተን በሣር ወይም በመጥረጊያ ወዲያ ወዲህ እናገላብጠዋለን። ደቃቁ እሾህ ይረግፋል። ከዚያ በብዙ ውሃ ይታጠባል።

ስትልጪ በባዶ እጅ አትያዢው፤ በሹካ ውጊው። ጫፍና ጫፉን በቢላ ቁረጪ። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ሠንጥቂ፤ ጥልቀቱ የልጣጩን ያህል ብቻ። ቢላውን ከልጣጩ ሥር አስገብተሽ ወደ ጎን ስትገፊው ልጣጩ እንደ ብርድ ልብስ ይገለጣል። ፍሬው ሳይነካ ብቻውን ቁጭ ይላል። ሁለት ሦስቱን ከላጥሽ በኋላ እጅሽ ራሱ ይለምደዋል።

ዘሩ ጠንካራ ነው። ብሌንደር ውስጥ እንዳታስገቢው፤ ዘሩ ይሰባበርና አሸዋ አሸዋ ይላል። በእጅሽ ጨፍልቂውና በወንፊት ላይ በማንኪያ ጀርባ እሺው። ዘሩ ከላይ ይቀራል፣ ጭማቂው ከነሥጋው ይወርዳል። ልጆች ደግሞ ከነዘሩ ብዙ እንዳይበሉ፤ ሆድ ያደርቃል። እኛ ልጅ ሆነን እናቶቻችን ቆጥረው ነበር የሚሰጡን።

የኮምቦልቻ እህት
ሐምሌ 26፣ ጠዋት 5፡00

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። የደሴዋ እናት፣ አላህ እናትሽን ያቆይልሽ። እኔም ልክ እንደ አንቺ ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት። ፍልሰታ ሲመጣ ሽሮ ላይ ቅቤ ያለመጨመሬ ለእሷ ነው። በረመዳን ደግሞ እሷ ናት ቴምር ይዛ የምትመጣው።

ፍራፍሬ ለማርጋት ብለሽ የጄሊ ዱቄት እንዳትገዢ። ጄላቲን የሚሠራው ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ወይም ከከብት። ለአንቺ የጾም አይሆንም፤ ለጎረቤትሽ ደግሞ ሐላል መሆኑ አይታወቅም።

ተልባ አለልሽ አይደል? ተልባን አመስ አመስ አድርገሽ፣ ወቅጠሽ፣ ነፍተሽ የበለሱ ጭማቂ ላይ በትኚው። ተልባ ፈሳሽ ሲያገኝ እንዴት እንደሚያዝ ታውቂያለሽ። ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ስታዪው እንደ ፑዲንግ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ስታምሺው ግን አደራ፣ ካረረ ይመራል። መንጣጣት ሲጀምር አውጪው።

የኬሚስትሪ መምህር
ሐምሌ 26፣ ማታ 2፡45

የተልባው ሐሳብ በጣም ጥሩ ነው። በዘሩ ልጣጭ ላይ ያለው ልጋግ ውሃ ስለሚይዝ ነው የሚያረጋው። እንደ ጄላቲን ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ በማንኪያ የሚዛቅ ልስልስ ነገር ነው የሚሆነው።

ምናልባት አንዳንዶቻችሁ ማርማላታ ልትሉ ነው። ማርማላታ ያለ ስኳር ቢሠራ እንደ ሱቁ አይረጋም፤ ምክንያቱም በፍራፍሬው ውስጥ ያለው ፔክቲን ለመያያዝ ብዙ ስኳርና አሲድ ይፈልጋል። እንዳይበላሽ የሚጠብቀውም ስኳሩ ነው። ዘይቱን ፔክቲኑ ብዙ ስለሆነ ያለ ስኳርም ሲበስል ወፈር ይላል፤ ነገር ግን ፍሪጅ ውስጥ ከአራት ከአምስት ቀን በላይ አታቆዩት።

ደሴ ላይ ለምታበስሉ ደግሞ ይኼን እወቁ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከኢንተርኔት ወስዳችሁ "104 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱ" የሚለውን ብትከተሉ ማርማላታው ድስቱ ላይ ያርርባችኋል። እኛ ጋ 96 አካባቢ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብታ አድርጋችሁ በጣት ግፉት፤ ከተሸበሸበ ደርሷል።

የመርሳ አትክልተኛ
ሐምሌ 27፣ ጠዋት 1፡50

እንደምን አደራችሁ። እኔ መርሳ አካባቢ ፍራፍሬ አለኝ፤ ስለ አመራረጥ ትንሽ ልበል። ጣፋጭ ያለ ስኳር ልሥራ ካልሽ ዋናው ሥራ ያለው ገበያ ላይ ነው። ያልበሰለ ፍራፍሬ ገዝቶ ስኳር አለመጨመር አይቻልም።

ማንጎን በቀለሙ አትመኚው። ግንዱ ጋ አፍንጫሽን ጠጋ አድርጊ፤ ከሸተተ በስሏል። ፓፓያ ቢያንስ ግማሹ ቢጫ ይሁን። አቮካዶ ላይ ሸማች ሁሉ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፤ በኋላ ውስጡ ይጠቁራል። መዳፍሽ ላይ አስቀምጠሽ በሙሉ እጅሽ ቀስ ብለሽ ጨበጥ አድርጊው እንጂ። ያልደረሰውን ከሙዝ ጋር ወረቀት ውስጥ ጠቅልለሽ አስቀምጪው፤ በሁለት በሦስት ቀን ይደርሳል።

ጊሽጣ ካገኘሽ ዘሩን አንድ በአንድ በእጅሽ ልቀሚ። የጊሽጣ ዘር መርዛማ ነው። ሰው ቸኩሎ ከነዘሩ ብሌንደር ውስጥ ሲከት አይቼ ደንግጫለሁ። ዱቄቱ ዓይን ቢነካ ክፉኛ ይጎዳል። ደግሞ ጊሽጣ ስኳሩ ከፍ ያለ ነው፤ ለእናትሽ ለቅምሻ ያህል ብቻ ይሁን።

ዘይቱን ግን አትርሺው። ቫይታሚን ሲው ከብርቱካን በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ አሰሩም ብዙ ነው። ሰው ዝቅ አድርጎ ያየዋል፤ በዚህ ሁልጊዜ አዝናለሁ።

ከሸገር ወሎየው
ሐምሌ 27፣ ቀን 8፡15

ለጾም ባይሆንም ከጾም በኋላ ይጠቅማችኋል። እኔ ፓፓያ በወተት ፈጭቼ ፍሪጅ አስገብቼ ነበር። ጠዋት ሳወጣው መሮ አፍ የማይነካ ሆነ። ፓፓያው ተበላሽቶ ነው ብዬ ሻጩን ወቀስኩት። ለምንድነው?

የኬሚስትሪ መምህር
ሐምሌ 27፣ ማታ 1፡30

ሻጩ ምንም አላጠፋም። ጥሬ ፓፓያ ፓፔይን የሚባል ኢንዛይም አለው። የወተቱን ፕሮቲን ይሰባብረዋል፤ ሲሰባበር መራራ ይሆናል። ወዲያው ብትጠጣው ምንም አይልም፤ ሲያድር ነው። ሥጋ በፓፓያ የሚለሰልሰውም በዚሁ ነው።

የደሴዋ እናት
ነሐሴ 2፣ ማታ 3፡20

ጾም ገባ፣ እናቴም መጣች። ሐኪሟ መድኃኒቷን በሰዓት አስተካክሎላት፣ በጣም ረፍዶ እንዳትበላ ነግሯታል፤ እሺ ብላለች። ንስሐ አባቷም "ልጄ፣ እግዚአብሔር አቅምሽን ያውቃል" ብለዋታል።

ዛሬ የመጀመሪያውን ሞከርኩ። ሃያ በለስ ገዛሁ። ልክ እንደተባለው በሹካ ወግቼ ላጥኩ። አንድም እሾህ አልወጋኝም! በወንፊት ሳሸው ከታች ሳህኑ ላይ የወረደው ቀለም ያስደንቃል፤ ግማሹ ቀይ በለስ ነበርና ጭማቂውን ሐምራዊ አደረገው። ልጆቼ ሥራቸውን ትተው ሊያዩ መጡ።

ችግሩ ተልባው ነው። ለአንድ ብርጭቆ ጭማቂ አምስት የሾርባ ማንኪያ አደረግሁ። ረግቷል፤ ግን ተልባ ተልባ ይላል፤ በለሱ ጠፋ። ሲዛቅም ይጎተታል። እናቴ ዝም ብላ በላች፤ ጥሩ ነው አለች። እኔ ግን እናቴን አውቃታለሁ። ምን ላስተካክል?

የኮምቦልቻ እህት
ነሐሴ 2፣ ማታ 3፡45

አብሽሪ እህቴ! አምስት ወላሂ ብዙ ነው። ለአንድ ብርጭቆ ሁለት ማንኪያ አድርጊ፣ ላዩ ላይ ግማሽ ሙዝ ፈጭተሽ ጨምሪ። ሙዙ ውፍረቱን ይሰጥሻል፣ ጣዕሙንም ያመጣል። ሎሚ ጠብ አድርጊበት፤ የተልባውን ሽታ ይገድለዋል።

ሐይቅ ዳር
ነሐሴ 3፣ ጠዋት 3፡00

ከሥር የሚንኮሻኮሽ ነገር ይፈልጋል። ሁሉም ለስላሳ ከሆነ አፍ ይሰለቻል። የገብስ ቆሎ አለሽ? ከለውዝ ጋር ሙቀጫ ውስጥ ሸክሸክ አድርጊው፤ እንዳይልም። ሳህኑ ሥር አንጥፊው። ፈረንጅ ብስኩት የሚያደርገውን እኛ በቆሎ እናደርገዋለን።

ነርስ ነኝ
ነሐሴ 3፣ ቀን 6፡40

የገብሱን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። ያልተፈተገ ቆሎ ከሆነ አሰሩም አለ፤ የለውዙ ቅባትና ፕሮቲንም ስኳሩን ያዘገየዋል። ለውዙ ጨው የሌለው ይሁን።

ክረምት ስለሆነ አንድ አደራ። ፍራፍሬውን ከመቁረጥሽ በፊት እጠቢው፤ ልጣጩ የሚጣለውንም ጭምር። ቢላው ከውጭ ያለውን ወደ ውስጥ ይዞ ይገባል። የሚታጠብበት ውሃ የፈላ ወይም በውሃ አጋር የታከመ ይሁን።

የደሴዋ እናት
ነሐሴ 12፣ ማታ 2፡15

አራት ጊዜ ሠራሁት። አሁን እጄ ገብቷል። ለሚፈልግ ሰው እንዲሆን በዝርዝር እጽፈዋለሁ። ለስምንት ሰው ነው፤ በትንንሽ ሲኒ።

መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ የገብስ ቆሎና ግማሽ ብርጭቆ የተቆላ ለውዝ ሙቀጫ ውስጥ ሸከሸክሁ። ከአሸዋ ተለቅ፣ ከክክ አነስ ያለ ነው። ያንን በየሲኒው ሥር ሁለት ሁለት ማንኪያ አደረግሁ። ቆሎው እርጥበት ሲያገኝ ቶሎ ይለሰልሳልና ይኼን መጨረሻ ላይ፣ ሊቀርብ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው መሥራት ይሻላል። ሁለተኛው ቀን ጠዋት ሠርቼ ማታ ስናወጣው እንደ በሶ ሆኖ ነበር። ልጆቹ ግን እሱንም ወደዱት።

ከዚያ ሁለት አቮካዶና አንድ ሙዝ ከአንድ ሎሚ ጭማቂ ጋር በሹካ ፈጨሁ። ሎሚውን ቀድማችሁ ጨምቃችሁ አዘጋጁ፤ አቮካዶው እንደተከፈተ ካላገኘው መጥቆር ይጀምራል። ይኼ መሐሉ ነው።

ለላዩ ሃያ በለስ ልጬ በወንፊት አሸሁ፤ ሁለት ብርጭቆ ያህል ወጣው። አራት የሾርባ ማንኪያ የተነፋ ተልባና አንድ የተፈጨ ሙዝ ገባበት። ተልባውን ባንድ ጊዜ አትገልብጡት፣ ይጓጉላል። እንደ ገንፎ ዱቄት በአንድ እጅ እየነሰነሳችሁ በሌላው አማስሉ። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ቆይቶ አቮካዶው ላይ ይፈሳል። ላዩ ላይ በጣም ደቅቆ የተቆረጠ ፓፓያ፣ ሦስት አራት ቁራጭ። አለቀ።

ከታች ቡናማ፣ መሐሉ አረንጓዴ፣ ላዩ ሐምራዊ ነው። ለመቅረቡ ብርጭቆ ይሻለው ነበር፤ ነገር ግን ነርሷ ትንሽ ሲኒ ስላለች የቡና ሲኒውን ነው ያወጣሁት። እናቴ ሲኒውን ስታይ ቡና መስሏት ተቀበለችኝ። ቀመሰች። ከዚያ "ይኼ የማን ነው?" አለችኝ። የሁላችንም ነው አልኳት። የልጆቹን ሲኒ አየች፣ የጎረቤቴንም አየች፤ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጣ ነው እስከ ታች የጨረሰችው። ቆሎውን በማንኪያ ጫፍ ፍቅፍቅ አድርጋ አወጣችው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ስኳሯን ለካናት። ከሌላው ቀን የተለየ አልነበረም። በየቀኑ አይደለም የምትበላው፣ በሦስት ቀን አንዴ ነው። ማር ወለላ እንኳ አልነካውም። ልጆቼ መጀመሪያ ቀን "አይጣፍጥም" ብለው ነበር፤ አሁን አይሉም።

የኮምቦልቻ እህት
ነሐሴ 12፣ ማታ 2፡30

ማሻ አላህ! እንባዬ መጣ። እኔም ነገ እሠራለሁ። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ከእናንተ ይበልጣልና ፍሪጅ ውስጥ ሰዓት ላስረዝመው።

ፒያሳ ጁስ ቤት
ነሐሴ 13፣ ጠዋት 4፡20

የኔ እመቤት፣ ይኼን ጁስ ቤት ብንሸጠው ፈቃድሽ ነው? በብርጭቆ፣ ያለ ቪምቶ። ብዙ ደንበኛ "ስኳር የሌለው ምን አለ?" ብሎ ይጠይቀናል፤ የምናቀርበው አምቦ ውሃ ብቻ ነበር።

የደሴዋ እናት
ነሐሴ 13፣ ቀን 6፡30

ደስ እያለኝ። ሐሳቡም የሁላችሁም ነው። ብቻ "ስኳር የለውም" ብለህ አትጻፍ፣ የፍራፍሬው ስኳር አለውና። "ስኳር አልተጨመረበትም" በል። ሰው ሁለት ብርጭቆ እንዳይጠጣበት።

ነርስ ነኝ
ነሐሴ 13፣ ማታ 1፡05

ተባረኪ። እኔ ልለው የነበረውን ነው ያልሽው።

ራያ ቆቦ
ነሐሴ 18፣ ጠዋት 3፡10

እንኳን ጾሙን በሰላም አስፈታችሁ። በለሱ ሳያልቅ አንድ ሳፋ ወደ ደሴ የሚሄድ ዘመድ ይዞልሻል፤ በውስጥ መስመር አናግሪኝ።

የደሴዋ እናት
ነሐሴ 18፣ ቀን 7፡00

እግዜር ይስጥልኝ ወንድምዓለም። እናቴ ኩታበር ልትመለስ ነው፤ ተልባውን ነፍቼ፣ ቆሎውን ሸክሽኬ በየፌስታሉ አድርጌላታለሁ። በለሱ ከደረሰ ቅዳሜ አብሬያት እሄድና እዚያው ለእህቶቿ እሠራላቸዋለሁ።

የመርሳ አትክልተኛ፣ ዘይቱኑ ሲደርስ ንገረኝ።

የመርሳ አትክልተኛ
ነሐሴ 18፣ ማታ 12፡40

ገና ጥሬ ነው። መስከረም ላይ ልጄ ለትምህርት ደሴ ይመጣል፤ በእሱ እጅ አምስት ኪሎ እልክልሻለሁ።